ልክ ያለው ለራስ ነው

ካናዳ፣ ካልጋሪ ስገባ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አጎቴ ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በየዓመቱ ፌብሩወሪ ሊያልቅ፣ የጡረታ ቁጠባ ማስገቢያው ቀን ሊያልፍ ሲል ቤቴ በር ላይ የመኪናቸውን ጡሩምባ ይነፉ ነበር።

«ለጡረታሽ አስቀመጥሽ?»

«ጋሼ፣ አገር ቤት ልኬ ምን ተረፈኝ?»

«ለሰው ስትሰጪ ልክ የለሽም። ለራስሽ ግን መንግሥት በዓመት እስከዚህ አስቀምጪ ብሎ ልክ ቢያበጅልሽ፣ ሩቡን እንኳ አትሞዪም። ስታረጂ ማን ላይ ልትወድቂ ነው? ነይ ግቢ፣ ባንኩ ሊዘጋ ነው።»

እያጉረመረምኩ እገባ ነበር።

ዘንድሮ ጡሩምባው የለም። ጆሮዬ ግን ወደ በሩ እንዳለ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ኮቴን ደርቤ በአውቶቡስ ባንክ ሄድኩና አቅሜ የቻለውን አስቀመጥኩ። ከእንግዲህም በየዓመቱ አስቀምጣለሁ።

ማታ ለጋሼ ልጅ ነገርኩት። «አባዬ ያለ ዕድሜያችን ሊያስረጀን ነው» እያለ ሲስቅባቸው የኖረ ነው። በማግስቱ ግን የአባቱን መኪና አስነስቶ ባንክ ሄደና የራሱን የጡረታ ሂሳብ ከፈተ።