የአባቴ አምስት ጎራሽ

አባቴ ሲሞት ሁለት ነገር አወረሰኝ፤ ጠፍጣፋ እግርና ሽጉጥ። እግሩን መመለስ አልተቻለም። ሽጉጡን ግን እናቴ ከቁም ሳጥን ውስጥ በፎጣ እንደተጠቀለለ አውጥታ፣ "በል ያዝ፣ ያንተ ነው" አለችኝ። አፈሙዙ ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጥም። የእንጨት እጀታው በአባቴ መዳፍ ተፍቆ ልሟል። ጥይት መጉረሻው እየተሽከረከረ አምስት ይጎርሳል። አባቴ የመጋዘን ዘበኛ ነበር፤ ሲታጠቀው ሰፈሩ ሁሉ "ጋሼ" ይለው ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ ቀጭንና አጭር ስለሆንኩ ሰፈሩ "ስፒል" ይለኛል። ሽጉጥ ስታጠቅ እኔም ጋሼ የምሆን መስሎኝ!

የመጀመሪያው ቀን ወገቤ ላይ ሻጥ አድርጌው ወጣሁ። ሃያ እርምጃ ሳልሄድ ሱሪዬ ወረደ። የሰው ሱሪ ልክ በልክ የምሰፋው ሰውዬ በአንድ እጄ ወገቤን፣ በሌላው ጎኔን ይዤ ስጎተት ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ "ምነው፣ ሆድህን ነው?" አለኝ። "አዎ፣ ትንሽ ቆረጠኝ" ብዬው ተመለስኩ። ከዚያ ከኮት ትራፊ ቆንጆ ማኅደር ሰፋሁና በስተቀኝ በኩል ከሱሪዬ ጋር አያያዝኩት። ስፌቱ እንከን የለውም። ግራኝ መሆኔ ትዝ ያለኝ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

አንድ ጠዋት ደግሞ አንድ የባንክ ሠራተኛ ኮት ሊያሰፋ መጣ። ደረቱን ልለካ ሜትሬን ዘርግቼ፣ "እጅዎን ከፍ ያድርጉልኝ" አልኩት። ከፍ አደረገ። ጎንበስ ስል ጃኬቴ ተገለጠ። ለክቼ፣ ቁጥሩን ጽፌ ዞር ብል ሰውየው እጁን አላወረደም። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። "በቃ፣ ያውርዱ" ብለው፣ "ወንድሜ፣ ሰዓቴን ውሰደው፣ ልጆች አሉኝ" አለኝ። ኧረ በፈጠረህ! ውሃ አጠጥቼ፣ ቁጭ አድርጌ፣ እኔም አብሬው እየተንቀጠቀጥኩ ነው ያረጋጋሁት። ኮቱን ሊለካ ሲመጣ ወንድሙን ይዞ መጣ።

ይህን ሁሉ ጣጣ የቻልኩት ለእናቴ ስል ነው። ከሱቁ በስተጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች አብረን ነው የምንኖረው፤ ቁልፍ ትተክልልኛለች፣ ጠርዝ በመዘምዘምም ታግዘኛለች። ከአባቴ የቀራት ይሄ ሽጉጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ፈቃዱ ደግሞ በአባቴ ስም ነበር። በዓመቱ ወደ እኔ እንዲዞር በራሴ ሽጉጥና በራሴ ጥይት ከሰባት ሜትር ላይ አምስት ተኩሼ ሦስቱን መምታት አለብኝ። ካልመታሁ ይወረሳል። "የባልሽን ሽጉጥ አስወረስኩት" ብዬ በየትኛው ዓይኔ ነው የማያት? ይሄን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ነበር።

ያሉት ጥይቶች አምስት ብቻ ስለነበሩ ለፈተናው ቆጠብኳቸው። ልምምዴ በባዶው ነበር። ሱቅ ውስጥ ቀሚስ የማለብሳት አሻንጉሊት ላይ አነጣጥርና እስባለሁ። ምላጩ ጠንካራ ነው፤ እኔ ደግሞ ባዶ ሽጉጥ ስስብ እንኳ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። መተኮሻው ከከተማው ጫፍ ያለ፣ ከኋላው የአሸዋ ጆንያ የተደረደረበት ሜዳ ነው። ፈታኙ ሆዱ ከቀበቶው በላይ የወጣ ሃምሳ አለቃ ነበር። ከፊቴ የነበሩት ተኩሰው ተራዬ ደረሰ። ጆሮዬን ከኮት ትከሻ በተቆረጠ ስፖንጅ ደፈንኩ፤ ዓይኔን እንደ ልማዴ ጨፈንኩ፤ ከዚያ አምስት ጊዜ ሳብኩ። ስጨርስ ዓይኔን ገልጬ፣ "ስንት መታሁ?" አልኩ።

ሃምሳ አለቃው ስፖንጁን ከጆሮዬ በእጁ አወጣልኝ። "ምኑን ነው የምትመታው? አምስቱም ከሽፈዋል እኮ!"

መጉረሻውን ከፍቶ አንዱን ጥይት አወጣና አሸተተው። "ምን ቀብተኸው ነው?"

"የማሽን ዘይት ነው፣ ሃምሳ አለቃ። እንዳይዝግ። እናቴ በየቅዳሜው በሲኒ ትነክራቸዋለች፣ አባቴም በነበረ ጊዜ እሷ ነበረች የምትይዝለት። ዘይቱን እኔ ነኝ የምሰጣት።"

"ኧረ ጉድ! ዘይት ውስጥ የከረመ ጥይት ይተኩሳል እንዴ? ገድላችሁታል!"

ዓመት ሙሉ አምስት ሬሳ ታጥቄ ነው የዞርኩት ማለት ነው። ሃምሳ አለቃው ሳቁን ሲጨርስ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ከራሱ ሳጥን አምስት ጥይት አውጥቶ፣ "እስቲ ሽጉጡ ደህና መሆኑን እንየው። ዓይንህን ግለጥ፣ በሁለት እጅህ ያዝ" አለኝ። የመጀመሪያው መሬት ገባ። ፍንዳታው ክንዴን እስከ ትከሻዬ ነዘረው። ሁለተኛው ከጎኔ የሚፈተነውን ሰው ሰሌዳ መታ፤ ባለቤቱም አመሰገነኝ። ሦስተኛው የኔን ሰሌዳ በሳ። አራተኛውም፣ አምስተኛውም! ዘልዬ ሃምሳ አለቃውን ላቅፈው ምንም አልቀረኝም፤ ሆዱ አላደረሰኝም እንጂ።

"በኔ ጥይት ስለሆነ አልመዘግብልህም" አለኝ። "ሐሙስ አዲስ ጥይት ይዘህ ና። እንዲህ ከተኮስክ ታልፋለህ።"

ወደ ቤት በሩጫ ነው የሄድኩት። እናቴ የሰው ሸሚዝ ጭኗ ላይ ዘርግታ ቁልፍ ትተክላለች። "እማዬ! ሽጉጡ ይሠራል! ጥይቱ ነው የሞተው፤ በዘይት ገደልሽው አሉኝ። ሐሙስ አዲስ እገዛና አበቃ!"

ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰካች።

"መግደሉንማ አውቄ ነው የገደልኩት" አለች። "መጋዘኑ ተዘግቶ አባትህ ቤት የዋለበት ዓመት፣ ከገበያ ስመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሽጉጡ ጭኑ ላይ ነው። ሲያየኝ 'እየወለወልኩት ነው' አለኝ። በእጁ ጨርቅ አልነበረም።"

የማሽኑ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

"አስረክብ ብለው ያፍራል። ብደብቀው ይፈልገዋል። ጎረቤታችን የነበረውን ወታደር ጥይት ምን ያበላሸዋል ብዬ ጠየቅኩትና ዘይት ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት በየቅዳሜው ነከርኩ። ይመስገነው፣ ሕመም ነው የወሰደው፤ እጄን እንደያዘ።"

"እኔስ? ለኔ ለምን ቀጠልሽ? እኔ ምን ሆንኩ?"

"ሽጉጡን ብነፍግህ ምክንያቱን ትጠይቀኝ ነበር። ስሰጥህ ግን ሚስትህ ከሄደች ስድስት ወርህ ነበር።"

አዎ፣ ሚስቴ ሄዳለች። እስካሁን ያልነገርኳችሁ የሚያስቅ ነገር ስላጣሁበት ነው።

"እማዬ፣ እኔ ደህና ነኝ እኮ። ሰፈሩን ሙሉ የማስቀው እኔ አይደለሁ?"

"እሱ ነው የሚያስፈራኝ" አለች። "አባትህም ያስቅ ነበር።"

የማሽኑን ጎማ በእጄ አዟዟርኩ። እናቴ ቀና ብላ ፊቴን አየችውና፣ "ሜዳው ላይ ይከሽፍና ይወርሱታል ብዬ ነበር የጠበቅኩት" አለች። "ልጄ፣ አዲስ ጥይት አትግዛ።"

ተንበርክኬ ጭኗ ላይ ተደፋሁና አለቀስኩ። የደንበኛውን ሸሚዝ አበሰበስኩት፤ እሷም ተው አላለችኝም፣ ራሴን ብቻ ታሻሽ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሽጉጡን ይዤ ሄጄ ሃምሳ አለቃው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

"ጥይቱስ?"

"አልገዛሁም። ይወረስ።"

"ምን ነካህ? ሰውዬ፣ ማለፍህ ነው እኮ!"

"እናቴ ከለከለችኝ።"

ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከጎኑ ያለው ጸሐፊም ሳቀ። እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸውና የምፈርምበትን አሳዩኝ አልኳቸው።