ሁለተኛዋ ኳስ

ባለፈው ሳምንት ከጉኑኖ ወደ ሶዶ በሚመለስ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ከሦስት ወጣቶች ጋር ተጣብቄ ተቀምጬ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። መንገዱ ቀይ ጭቃ ለብሷል፤ ሾፌሩ በየጉድጓዱ ያነጥረናል፤ ከእግራችን ሥር የተጫነው የዝንጅብል ኩንታል ሽታ መኪናውን ሞልቶታል። ልጆቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይመስላሉ። ጨዋታቸው «ኖሮ» ነበር። የወላይታው ንጉሣችን በዚያ በድሮው ጦርነት ባይማረክ ኖሮ፤ ክልል የመሆን ጥያቄያችን ቀደም ብሎ ተመልሶ ቢሆን ኖሮ፤ ቋንቋችን ከድሮ ጀምሮ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ። እኔም በመስኮቱ እያየሁ አዳምጣለሁ፤ ደስም ይለኝ ነበር። ከዚያ አጠገቤ ያለው፣ ጉልበቱ ጉልበቴን የሚገፋው ልጅ አፉን ከፈተ።

«እሱን ሁሉ ተዉት። ያ በረኛ ባይሸጠን ኖሮ ዛሬ የት በደረስን!»

«የቱ በረኛ?»

«አባቴ ሁሌ የሚያወራው። ጴጥሮስ የሚባል። ፔናሊቲ ሸጦ አባቱን በንዴት የገደለ።» ይሄን ብሎ ወደ እኔ ዞረና በትሕትና «ይቅርታ ፋዘር፣ ተጫንኩዎት እንዴ?» አለኝ።

«ግድ የለም፣ ልጄ» አልኩት።

ጴጥሮስ እኔ ነኝ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የከተማችን ቡድን በረኛ ነበርኩ። እናቴ በልጅነቴ ስለ ሞተች ቤታችን እኔና አባቴ ብቻ ነበርን። አባቴ ሶዶ ገበያ እህል ይሸጣል። እህል ነጋዴ ሆኖ በሚዛን ያልታማ ሰው ከእሱ ሌላ አላውቅም፤ ሴቶች ከሌላ ሻጭ የገዙትን በቆሎ አምጥተው «እስቲ በአንተ ሚዛን አስቀምጥልን» ይሉት ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም ነው። ኳስን ከንቱ ነገር ይለዋል፤ ግን አንድም ጨዋታ ቀርቶ አያውቅም። ጥቁር ጃንጥላውን ይዞ ሁልጊዜ ከእኔ ጎል ኋላ ይቆማል።

ከልምምድ በኋላ የምንሰበሰበው ከሜዳው ማዶ ባለች ሻይ ቤት ነበር። የሻይ ቤቷ ንጉሥ ቲቸር አንጁሎ ነው፤ ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪ፣ ቀጭን፣ ኮቱ ሁልጊዜ የተተኮሰ። «ኖሮ» የሚባለውን ጨዋታ እሱን ያህል የሚችልበት አልነበረም። አንድ ቀን «ባቡሩ በእኛ በኩል አልፎ ቢሆን ኖሮ» ብሎ ጀመረና የጣቢያውን ጣሪያ፣ የፉጨቱን ድምፅ፣ በመስኮት የሚሸጠውን ሙዝ ሳይቀር ሲነግረን፣ አንድ አዛውንት ከጥግ ሆነው ትኬቱ የት እንደሚቆረጥ ጠየቁት። ሳቅን፤ እኔ እንባዬ እስኪፈስ ነበር የሳቅኩት። ያን ሰው እወደው ነበር። ያልሆነውን ነገር እንደ ሆነ አድርጎ የማሳየት ችሎታው ያስደንቀኝ ነበር።

በሰኔ ወደ ላይኛው ሊግ የሚያሳልፈን የመጨረሻ ጨዋታ መጣ። አቻ ከወጣን እናልፋለን። ሜዳው ረግረግ ሆኖ እግር ይውጣል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፔናሊቲ ተሰጠብን። የመቺው ስም ታምራት ነው፤ ከጎረቤት ዞን የመጣ ግራኝ። ወደ ቀኜ ወረወርኩ ራሴን። ኳሷ የመሃል ጣቴን ጫፍ ነክታ፣ ቋሚውን መትታ ገባች።

የመጀመሪያው ሳምንት ዝምታ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሻይ ቤት ስገባ ቲቸር አንጁሎ ብርጭቆውን አስቀመጠና በዚያ በሚጣፍጥ ድምፁ «ጴጥሮስ ያቺን ኳስ ይዟት ቢሆን ኖሮ...» አለ። ቡድኑ አለፈ። ስታዲየም ተሠራ። እንግዳ መጣ፤ ለእንግዳው ሆቴል ቆመ፤ ለሆቴሉ አስፋልት ተነጠፈ፤ ሥራ የፈታው ወጣት ሁሉ ሥራ አገኘ። ከተማውን በሙሉ ጣቴ ጫፍ ላይ ሠርቶ መልሶ አፈረሰው። ልወጣ ስነሳ እጄን ያዘኝ።

«ቁጭ በል እንጂ። ታሪክ ነው፤ ሰው አልተነካም።»

በየቀኑ አንድ ነገር ይጨመርበታል። በእኔ ምክንያት ያልተሠራው ነገር ከተሠራው በለጠ። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ችግራቸው እውነት ነበር፤ ለችግራቸው ደግሞ መልክ ያለው ነገር አግኝተው ነበር። መልኩ የእኔ ሆነ እንጂ።

በዚያው ዓመት የአቮካዶ ነጋዴዋ የእትዬ አስቴር ልጅ ደቡብ አፍሪካ እደርሳለሁ ብሎ ወጥቶ መንገድ ላይ ሞተ። ለታዳጊዎች ቡድን ተጫውቶ ያውቃል። ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። እትዬ አስቴር ሁለት እጆቼን ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«እነዚህ ናቸው?» አለችኝ።

«ምኖቹ፣ እትዬ?»

«ቡድኑ ቢያልፍ ኖሮ ልጅሽ እዚሁ እየተጫወተ ይኖር ነበር አሉኝ።» እጄን ቀስ አድርጋ ጭኔ ላይ መለሰችልኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ የአባቴ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የትም ይሁን የት፣ ገበያ ውስጥም ሆነ ከጸሎት በኋላ በደጅ፣ ስሜ ሲነሳ ከሰማ «እኔ ከጎሉ ኋላ ነበርኩ። ያቺን ኳስ መልአክም አይዛትም» ይላል። እህል እየሰፈረም ይሁን ገንዘብ እየተቀበለ፣ ቀና ሳይል ነው የሚለው። አባቴ ካለ ሰው ያምናል፤ ቢያንስ እሱ ፊት ዝም ይላል።

በሁለተኛው ዓመት ታምራት የሶዶ ልጅ አግብቶ እዚሁ ጋራዥ ከፈተ። ያሸነፈን ሰው እንደ ሙሽራ ተቀበሉት፤ ሻይ ጋበዙት። ሲያየኝ የሚያፍረው እሱ ብቻ ነበር። ቲቸር አንጁሎ ግን በታምራት መምጣት ሌላ ነገር ታየው። የጊፋታ ሰሞን፣ አዲሱን ዓመታችንን ስናከብር፣ ሻይ ቤቱ በሰው እንደ ሞላ ተነሥቶ «ታሪክን ማረም የተፈቀደለት ትውልድ የለም። እኛ ግን መቺውም በረኛውም አሉን። ደግመን እንይ» አለ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

አልፈልግም ብዬ ቤት ገባሁ። አባቴ ጋ ግን ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«ሂድ» አለኝ። «ደግማ ትግባ። ማንም እንደማይዛት ይዩና አፋቸውን ይዝጉ።»

ነገሩን ሳስበው ልክ ነበር። የሚያድነኝ ኳሷን መያዝ ሳይሆን መልቀቅ ነው። ስለዚህ ልለቃት ወስኜ ሄድኩ።

የጊፋታ ፀሐይ ከክረምቱ በኋላ ፊት ታቃጥላለች። ሰው ሥጋ በልቶ፣ ዳጣው አፉን አቃጥሎት፣ ከነልጆቹ ሜዳውን ከቧል። የዳሞታ ተራራ አናት ላይ ገና ጉም አለ። ታምራት ኳሷን ይዞ ወደ እኔ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጴጥሮስ፣ ይሄን ነገር አልወደድኩትም። በየት በኩል ልምታልህ?» አለኝ።

«እንደ ያኔው ምታ» አልኩት። እንደ ያኔው ከመታ ትገባለች ብዬ ነው።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ ከጎሉ ኋላ ቆሟል። «ታ ናአው» አለኝ በወላይትኛ፣ «ልጄ፣ አትጨነቅ። ትግባ።»

ታምራት ተንደረደረ፤ መታ። ኳሷ በዚያው መንገድ መጣች። በረኛ ያልሆነ ሰው የምለውን አያምነኝም። ልለቃት ወስኜ ነበር፤ እጆቼ ግን አልጠየቁኝም። አካሌ በራሱ ተነሣ። መሬት ስደርስ ኳሷ በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ነበረች።

ታምራት ብቻውን አጨበጨበ። እኔም ለአንዲት ቅጽበት አለቀ፣ ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ነኝ አልኩ። ከዚያ የቲቸር አንጁሎ ድምፅ፣ ያ የማይቸኩል ድምፅ፣ ከሕዝቡ መሃል ተሰማ።

«አያችሁ? መቻሉንስ ይችል ነበር።»

ሌላው «ታዲያ ያኔ ለምን አልያዛትም?» አለ። አንዱ ደግሞ «ጠይቁት እንጂ! ማን ከፈለህ?» ሲል ሕዝቡ ተቀበለው። ተበልቶ ያለቀ የበቆሎ ቆረቆንዳ ትከሻዬን መታኝ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ጭቃ። ፊቴን ወደ አባቴ አዞርኩ። የሚያየው እኔን አልነበረም። ደረቴ ላይ ያለችውን ኳስ ነበር። ብዙ አያትና ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ።

ማታ ለበዓል የተሠራው የእንሰት ሙቹዋ ቅቤው እንደ ረጋ በመካከላችን ተቀመጠ። ማናችንም አልነካነውም።

«ስንት ሰጡህ?» አለኝ።

«አባ፣ ማንም ምንም አልሰጠኝም።»

«መልአክም አይዛትም ብዬ ሁለት ዓመት ስከራከርልህ ኖርኩ። አንተ ያዝካት።»

ሊረዳኝ እንደማይችል ያወቅኩት ያኔ ነው። እኔ ላይ የነበረው እምነት ሁሉ የቆመው ኳሷ አትያዝም በሚለው ላይ ነበር። የወደቀው በገዛ እጄ ነው። ከዚያ በኋላ ገበያ ውስጥ «ሚዛኑንም ልጅህ ነው ያስተማረህ?» የሚሉት መጡ። ሽማግሌነቱን ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ተወው። እኔ ሁምቦ ወርጄ ለነጋዴ በቆሎ መግዛት ጀመርኩ። ቆላው ያቃጥላል፤ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል። ግን ጋሪ ነጂዎቹ ፊቴን አያውቁትም፤ ይሄ ይበቃኝ ነበር።

በዓመቱ አባቴ ታሞ ኦቶና ሆስፒታል መተኛቱን ሰማሁና መጣሁ። እጁ እንደ ባዶ ከረጢት ቀሎ ነበር። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አልጋው ራስጌ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስ ያነቡለታል።

«ሳልሄድ ተናገር» አለኝ አባቴ። «ይቅር ብዬህ ልሂድ። ካልተናገርክ በምን ይቅር ልበልህ?»

እውነቱን ብነግረው ዋሸኝ ብሎ ይሞታል። ሲተነፍስ ደረቱ ይንኳኳል። ሽማግሌው ማንበብ አቆሙ።

«አዎ፣ አባ» አልኩ። «ሸጫታለሁ።»

ዓይኑን ጨፈነ፤ ፊቱ ተፈታ። በእውነት ተፈታ፤ ይሄን አልክድም። ቆየት ብሎ «ስንት?» አለኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን ቁጥር ተናገርኩ።

የእህል ነጋዴ ነው። ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

«በዚህ ብቻ?» አለ።

ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር አልተነጋገረም። በማግስቱ አረፈ።

ሽማግሌው ነገሩን በክፋት አላወሩትም። ለቅሶው ላይ ቆመው እግዚአብሔር አባትና ልጅን እንዴት እንዳስታረቀ መሰከሩ፤ ሰውም «አሜን» አለ። ለቀስተኞቹ ሲወጡ ቲቸር አንጁሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ለአባቴ ያለው ሐዘን እውነተኛ ነበር።

«መናዘዝህ ትልቅ ነገር ነው» አለኝ። «አሁን ታሪኩ ተሟላ።»

ይሄው ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። ሶዶ ተመልሼ መኖር ከጀመርኩም ቆየሁ። ለማስተባበል ሞክሬ አላውቅም፤ ካስተባበልኩ ለሚሞት አባቱ የዋሸ ሰው ልሆን ነው፤ ካላስተባበልኩ ኳስ የሸጠ። ከሁለቱ የቀለለውን ተሸክሜ እሄዳለሁ።

የከተማው ሰው የሚያወራው ስለ መጀመሪያዋ ኳስ ነው። ያቺን ቢይዛት ኖሮ ይላል። እኔ ስለ እሷ አስቤም አላውቅ። ብቻዬን ስሆን የምጫወተው የራሴ «ኖሮ» ሁለተኛዋ ላይ ነው። ያቺ ብትገባ ኖሮ አባቴ ጃንጥላውን አጥፎ፣ «አላልኳችሁም?» ብሎ፣ ሽማግሌ እንደ ሆነ፣ ሚዛኑ እንደ ተከበረ፣ እኔን እንዳመነ ይሞት ነበር። ስለዚህ በሐሳቤ ወደ ሜዳው እመለሳለሁ። ታምራት ይንደረደራል። ልልቀቃት፣ አሁንስ ልልቀቃት እላለሁ። ኳሷ ትመጣለች።

እይዛታለሁ።