የእናቴ ሙሾ በስፒከር

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ግን ባለፈው ታኅሣሥ የደረሰብኝ ነገር እስካሁን እያስበረገገኝ ስለሆነ ልሞክር።

የምሠራው ፍኖተ ሰላም፣ አንድ አትክልት ቤት ነው። ከጎናችን ስልክ ላይ ዘፈን የሚጭን ልጅ አለ። ስፒከሩ ሲጮህ ስለሚውል ልብ አልለውም። የዚያን ቀን ግን ሽንኩርት እየመዘንኩ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። ሙሾ ታወርዳለች። «የቤቴ ምሰሶ፣ ለማን ጥለኸኝ» እያለች።

እናቴ በማንኩሳ ገጠር የታወቀች አልቃሽ ናት። ሰው ካልሞተ ሙሾ ከአፏ አይወጣም፤ ሟርት ነው ትላለች። የቤቷ ምሰሶ ደግሞ አባቴ ናቸው።

ልጁን «ከየት አመጣኸው?» ማለት አፈርኩ። አባቴ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ጎረቤታችን አያ ታደለ ጋ ደወልኩ።

«አባቴ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው እንጂ! እንዲያው ብቅ ብትዪ ምን አለበት? ናፍቀሻቸዋል እኮ።»

ይሄኔ ባሰብኝ። በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ርቆ የሚኖር ዘመድ ለመርዶ የሚጠራው «ደኅና ነን፣ ብቅ በይ» እየተባለ ነው።

ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቄ መኪና ተሳፈርኩ። ማንኩሳ ላይ ወርጄ በእግሬ ስሮጥ የለቅሶ ድምፅ የለም። ቀብረው ተመልሰዋል አልኩ። ከቤታችን በታች አውድማው ላይ ፊቱን እብቅ የሸፈነው ሰው ጤፍ ያበራያል። ቀና ሲል አባቴ ናቸው።

ነጠላዬን አይተው መንሹን ጣሉት። «ማን ሞተብን?»

«እርስዎ» አልኩና እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

ነገሩን እናቴ አስረዳችኝ። የገጠሩ ድምፅ እንዳይጠፋ እየቀረጹ ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጡ ሰዎች መጥተው ነበር። ሙሾ አውርጂልን ሲሏት፣ በቁሙ ላለ ሰው አላለቅስም ብላ ድሮ የሞቱትን አባቷን አለቀሰች። ድምፁ ዞሮ እኔ ጆሮ ይገባል ብላ አላሰበችም።

አሁን ቅጂው ስልኬ ላይ አለ። ተቀምጦ መቅረቱ ደስ ይለኛል፤ ከፍቼ እስከ መጨረሻው መስማት ግን እስከ ዛሬ አልቻልኩም።

በማግስቱ ስመለስ እናቴ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ሰው ፊት መናገር እንደማልችል እያወቀች፣ እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ፦

«እኔ የሞትኩ ዕለት ይኸን ስልክ እንዳትከፍችብኝ። አንቺው አልቅሽልኝ።»