እሳት ላይ ሳለን የተመረጠው ሊቀመንበር

ደብረ ብርሃን ውስጥ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሳለሁ፣ የማኅበራችንን ሊቀመንበር የመረጥነው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። "መረጥን" የምለው ለወጉ ነው።

ዕጩዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ቅንድባቸውን ስንት እሳት የለበለባቸው አንጋፋው ሾፌራችን ናቸው። ሌላው የንብረት ክፍል ሠራተኛው ነው፤ እሳት የሚያየው ሲጋራ ሲለኩስ ቢሆንም "መስዋዕትነት" የምትለዋን ቃል ሲጠራ ዓይኑ እንባ ያቀር ነበር።

እጅ ልናወጣ ስንል የብርድ ልብስ መጋዘን መቃጠሉ ተደወለልን። ሾፌሩና እኔ ከተረኞቹ ጋር እየሮጥን ወጣን።

"በርቱ፣ ልባችን ከእናንተ ጋር ነው" ብሎ የንብረት ክፍሉ ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ ሸኘን።

ከሰዓት በኋላ ጥላሸት ለብሰን፣ በስብሰን፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥን ስንመለስ አዳራሹ ውስጥ ለስላሳ ይጠጣል። የንብረት ክፍሉ ሰው በሙሉ ድምፅ ተመርጧል።

"እኛስ?" አሉ ሾፌሩ።

አዲሱ ሊቀመንበር ቃለ ጉባኤውን ገልጦ አሳያቸው። ከስማችን ትይዩ "ስብሰባ ረግጠው የወጡ" ይላል።

"እሳት እያጠፋን ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ ጋሼ። ግን ፈቃድ አልጠየቃችሁም።"

ሾፌሩ ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቦት ጫማቸውን ቀስ ብለው አወለቁና ጥቁሩን ውሃ ምንጣፉ ላይ ገለበጡት። እኔም የራሴን ገለበጥኩ፤ ከዚያም ሌሎቹ ተከተሉን። ሊቀመንበራችን ሁለት እግሩን ከወለሉ አንስቶ ያየን ነበር።

ምርጫው ግን ጸና።