የአዋሽ ጎሚስታና ባለ ሞተሩ ሳንቃ

ጉልበቴ የከዳኝ ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ መኪና ስር ገብቼ መውጣት አቃተኝ። ቀጥሎ ከተቀመጥኩበት ለመነሳት ግድግዳ መያዝ ጀመርኩ። በመጨረሻ ከመኖሪያዬ እስከ ጎማ መጠገኛ ቤቴ ያለችው መንገድ ራሷ እምቢ አለችኝ። ድሮ አንድ ሲጋራ ሳልጨርስ የምደርስባት መንገድ ነበረች፤ ኋላ ሦስት ቦታ ድንጋይ ላይ እየተቀመጥኩ የምጨርሳት ሆነች። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። አጻጻፌ ቢወላገድ ይለፈኝ። ስለ ጎማ ከሆነ ግን ማንም አያርመኝም።

ከወሎ ወደ አዋሽ ሸለቆ የወረድኩት ለጥጥ ለቀማ ነበር፤ ለአንድ ወቅት ብዬ። ከጥጥ ወደ ጎማ ዞርኩና አዋሽ ከተማ ጎሚስታ ሆኜ ቀረሁ። ሚስቴን የቀበርኩት እዚያው ነው። ያለችኝ አንዲት ልጅ ነርስ ሆና ሰመራ ጤና ጣቢያ ገባች፤ የጅቡቲ መስመር ሹፌርም አገባች።

ለዒድ ልትጠይቀኝ መጥታ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ከኋላዬ ተከተለችኝ። እኔ አላየኋትም። ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳለከልክ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«አባዬ፣ ይዤህ እሄዳለሁ።»

«የት?»

«ሰመራ ነዋ!»

«ሰመራ ምን አለኝ?»

«እኔ አለሁህ።»

«አንቺማ ሥራ ውለሽ ነው የምትገቢው። እኔ እዚያ ቆርቆሮ ስቆጥር ልዋል?»

አለቀሰች። ልጄ ስታለቅስ አልወድም፤ ስለዚህ ጮህኩባት። በመጨረሻ ተስማማን። በራሴ ሥራ ቤቴ ደርሼ በራሴ ከተመለስኩ ስለ ሰመራ አታነሳብኝም። አንድ ቀን መንገድ ላይ ቀርቼ ሰው ተሸክሞ ካነሳኝ ግን «ልብስህን እንኳ ሳልሰበስብ ነው የምወስድህ» አለች። እሺ አልኩ። ወንድ ልጅ አንዴ እሺ ካለ አለ ነው።

ባጃጅ ለምን አትይዝም የሚለኝ ብዙ ነው። ይዤ አውቃለሁ። ሹፌሩ ብብቴን ይዞ እንደ ሽንኩርት ጆንያ ጎትቶ አወጣኝ። ደግሜ አልያዝኩም።

የልጄ ባል ይህን ሁሉ ሰምቶ ኖሮ ከጅቡቲ ሲመለስ አንድ ዕቃ ጭኖልኝ መጣ። ክንድ ከምናምን የሚረዝም ሳንቃ ነው፤ ከስሩ አራት ትናንሽ ጎማ፣ ሆዱ ላይ የተጣበቀ ባትሪ።

«አባባ፣ ወጣቶቹ ቆመው ነው የሚነዱት። እርስዎ እንደሚመችዎት ያድርጉት» አለኝ። «ከዓይነቱ ርካሹ ነው፤ ስለ ውዱ አይጠይቁኝ።»

አዋሽ ላይ ሰው አሮጌ መኪና ሊገዛ ሲል እኔ ጋ አምጥቶ እይልኝ ይለኛል። ሻጭ አላባብልም፣ ገዢም አላስደስትም። ሳንቃውንም እንደዚያው አየሁት። ገልብጬ ጎማውን በእጄ አሽከረከርኩና ጆሮዬን አስጠጋሁ። ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ደህና ከሆነ ዝም ይላል፤ የዚህ ያፏጫል። ርካሽነቱን ከዚያ አወቅሁ። ጎማው ድፍን ነው፣ ነፋስ አይገባበትም። እንዲህ ያለ ጎማ አይተነፍስም፣ ግን እያንዳንዷን ጠጠር ለወገብ ይነግራል። ሞተሩ የኋላ ጎማዎቹ ውስጥ ተደብቋል፤ ድምፅ የለውም። እኔ ደግሞ ድምፅ የሌለው ሞተር አላምንም፤ ሲታመም በምን ይነግርሃል? የሚታዘዘው በእጅ በሚያዝ ሪሞት ነው። ሪሞቱ የራሱ ቻርጅ አለው፣ ሳንቃውም የራሱ። አንዱን አብልተህ ሌላውን ከረሳህ ሁለቱም ጦም ያድራሉ።

ቆሜ ልሞክር አልኩ። ማን ይከለክለኛል? ግቢዬ ውስጥ የበሩን መቃን ይዤ ወጣሁበትና ሪሞቱን በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ሳንቃው ሄደ፤ እኔ ቀረሁ። በቂጤ ነው የወረድኩት። ማንም ስላላየኝ ለማንም አልነገርኩም።

ከዚያ በርጩማ አመጣሁ፣ እግሩን በመጋዝ አሳጠርኩ፣ በቡሎን ሳንቃው ላይ አሰርኩት። የሪሞቱን ክር አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ፤ ዱላዬን እንደ ሦስተኛ እግር በጎን ያዝኩ። መነሳቱም ቢሆን ታስቦበታል፤ ቤት ስደርስ መቃኑን እይዛለሁ፣ ሥራ ቤት ስደርስ ሞተር የምናነሳበትን ሰንሰለት እይዛለሁ። በሁለቱ መካከል ምንም የምይዘው የለም። ይህን ያኔ አላሰብኩትም።

ሄደልኝ! አልሐምዱሊላህ፣ ሄደልኝ። ሦስቱን ድንጋዮች እያየኋቸው አለፍኩ። ፍሬኑ ክፉ ነው፤ መጀመሪያ ቀን ሙሉውን ስጫነው ከበርጩማው ላይ ተንሸራትቼ ልወርድ ነበር። እንቁላል እንደሚይዝ ሰው መያዝ ነው። አስፋልቱ ዳር ያሉት ሹፌሮችና ረዳቶች አላስቀምጥ አሉኝ።

«ፋዘር፣ ተሳቢውን የት ጣልከው?»

«ሰሌዳ ሳታወጣ ኬላ አታልፍም!»

«አንተ የራስህን ፍሬን አሠራ!» እላቸዋለሁ። ልቤ ግን ደስ ብሎት ነበር። ለልጄ ደውዬ «ዛሬም ሄድኩ፣ ዛሬም ተመለስኩ» እላታለሁ። «ጎበዝ» ትለኛለች። ጎበዝ የሚለኝ ሰው ከጠፋ ቆይቶ ነበር።

ግንቦት ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። አዋሽን በግንቦት የሚያውቅ ያውቃል፤ አስፋልቱ ጫማ ይዞ ይቀራል። ሳንቃው አብሮት በመጣው ወረቀት ላይ የተጻፈለትን መንገድ ግማሽ ያህል እንኳ ሳይሄድ መብራቱ ቀይ ይሆናል። ሆዱን ስነካው እጄን አቃጠለኝ። ለልጄ ባል ደወልኩለት።

«ጥላ ውስጥ ያሳርፉት አባባ። ሳይበርድ ቻርጅ አያድርጉት። ውሃ ደግሞ እንዳይነካው።»

«የጋለ ነገር በምን ይበርዳል ታዲያ?»

«በራሱ።»

በራሱ! እኛ እዚያ አገር የመጠጥ ውሃ የምናበርደው ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ነው። ሹፌሩም በመኪናው ጎን እንደዚያው አንጠልጥሎ ነው የሚሄደው። ነፋስ ሲነካው በረዶ ይሆናል። እሱ ሳይወለድ ጀምሬ በጆንያ ሳበርድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጆንያ ነክሬ፣ ጨምቄ፣ የሳንቃው ሆድ ላይ ከጎማ ውስጥ በሚወጣ የካላማዳርያ ላስቲክ ቁራጭ አሰርኩት። በእጄ ስዳስሰው ቀዘቀዘ። አራት ቀን ያለ ችግር ሠራ። አየህ? አልኩ ለራሴ።

አምስተኛው ቀን ጠዋት ሥራ ቤቴ ለመድረስ ዋናውን አስፋልት ማቋረጥ ነበረብኝ። ግራ ቀኝ አየሁ፣ ባዶ ነው፣ ገባሁ። መሃል ስደርስ ሳንቃው አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠና ቆመ። ሪሞቱን ተጫንኩ። ዝም። ደግሜ ተጫንኩ። መብራቱም የለም። ዱላዬን ተመርኩዤ ልነሳ አልኩ፤ ጉልበቴ እንደ አሮጌ ማጠፊያ ጮኸና መልሶ አስቀመጠኝ። የምይዘው የለም። ዙሪያዬን አስፋልት ብቻ ነው።

ከመተሐራ በኩል ቀይ ተሳቢ የሚጎትት መኪና መጣ። ከርቀት የፊት ጎማውን አየሁት፤ ጥርሱ ደህና ነው፣ ይይዛል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ሰዓት ሰው ምን እንደሚያስብ ተመልከት። ፍሬን ያዘ፤ ጎማው አስፋልቱን እየላጠ መጣ፤ እኔ አፍንጫው ስር ተቀምጬ ነበር። ከኋላው ሌላው ቆመ፣ ከወዲያም ሌላው። ክላክስ በክላክስ ሆነ። ሹፌሩ ወርዶ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ተቀምጫለሁ።»

«አስፋልት መሃል?»

«አልነሳ አለኝ።»

መጀመሪያ ሊቆጣ ነበር፤ ያቺን ሲሰማ ተወው። ሦስት ሆነው እኔን ከነበርጩማዬ፣ ከነሳንቃዬ እንደ ቃሬዛ አንስተው ዳር አወጡኝ። ጆንያው ከስር ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። አንዱ ረዳት «ሽማግሌው ሸኑ» ብሎ ሳቀ። «ውሃ ነው» አልኩ፤ ክላክሱ ዋጠው።

ሥራ ቤቴ ደጃፍ አንድ የአፋር ሽማግሌ ወዳጄ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። ሰሌን ሊሸጥ ሲመጣ እኔ ጋ ተቀምጦ የሚውል ሰው ነው። እዚያ ላለው ሰው ሁሉ እየዞርኩ «ልጄ እንዳትሰማ» አልኩ። ስልኳን የሚያውቁትን ጎረቤቶቼን አስማልኳቸው። አፋሩ ወዳጄ ስልክ ስለሌለው እሱን ማስማል ትዝም አላለኝ።

በሦስተኛው ቀን ልጄ ደወለች።

«አባዬ፣ ሥራ ሄድክ?»

«እቤት አረፍ ብያለሁ።»

«ቀይ ተሳቢ ነበር አይደል?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«ሦስት ሰዎች ነው ያነሱህ። ከስርህ እርጥብ ጆንያ ነበር፣ ይንጠባጠብ ነበር። ዱላህ በግራ እጅህ ነበር።»

«ማነው የነገረሽ?»

ጤና ጣቢያ ልጇን ልታስከትብ የመጣች አንዲት የአፋር ሴት ናት የነገረቻት። ለእሷ ወንድሟ፣ ለወንድሟ ከሚሌ የመጣ ግመል ነጂ፣ ለግመል ነጂው ሌላው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው፤ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነጋገራል። ልጄ ሽማግሌው እኔ መሆኔን በጆንያው ነው ያወቀችው። «ባትሪ በጆንያ የሚጠቀልል ሰው ሌላ አላውቅም» አለችኝ። ስትናገር አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ወዳጄን ጠርቼ ተቆጣሁት።

«ቤቴን አፈረስከው! ምነው ዝም ብትል?»

«ሰው ምን አየህ ብሎ ጠየቀኝ» አለ ሳይደነግጥ። «ያየሁትን ነገርኩት። ዛሬ አንተን ብደብቅ ነገ ውሃ የት አለ ሲለኝ ማን ያምነኛል? ወላሂ፣ ወደቀ አላልኩም። አልወደቅክማ። ተቀመጠ ነው ያልኩት።»

ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ጎማው አይረባም እያልኩ ፊት ለፊት ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ። አጠገቤ ተቀመጠ። ሲሄድ አንድ ሰሌን ትቶልኝ ሄደ።

እሺ ብዬ ነበር፤ ስለዚህ ሄድኩ። የልጄ ባል መኪናውን ይዞ መጣ። ልብሴን ሰበሰቡልኝ፤ ያንን እንኳ ልጄ ከቃሏ አጎደለችልኝ። መጠገኛ ቤቱን ለሌላ ጎሚስታ ሰጠሁ። ሰንሰለቱን ለመጨረሻ ጊዜ ይዤ ተነሳሁና ወደ መኪናው ጋቢና በሁለት ሰው ተጎትቼ ወጣሁ። ሳንቃውን ከኋላ አሰሩት።

ሎጊያ ያለ አንድ ኤሌክትሪሺያን ሳንቃውን ፈትቶ አደረቀው፣ አንዲት የተቃጠለች ሽቦ ቀየረ፤ ተነሳ። እንደ እውነቱ ዕቃው ክፉ አልነበረም። እኔ ነኝ የገደልኩት። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ እላለሁ፦ ኩሽኔታው ርካሽ ነው፣ ፍሬኑ ይደነግጣል፣ ሙቀት ይበላዋል፣ ግን መንገዱ ሜዳ ከሆነና ውሃ ካላጠጣኸው ያደርስሃል።

የሰመራ መንገድ ደግሞ ለዚህ ሳንቃ የተሠራ ነው የሚመስለው። ሰፊ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ጠጠር የለውም። ልጄ የበሩ መቃን ላይ የምይዘው ብረት አስበየደችልኝ። ጠዋት ፀሐይ ሳይጠና እወጣለሁ። እንደ ውሃ ይፈሳል። ችግሩ የምደርስበት የለኝም። አዋሽ መንገዱ እየጎረበጠኝ ሥራ ቤቴ ነበር የምደርሰው። እዚህ እስከ ዋናው መንገድ እሄድና የባትሪው መብራት ግማሽ ላይ ሲደርስ እመለሳለሁ።

ከመመለሴ በፊት ሳንቃውን ዳር አቁሜ ከጅቡቲ ጭነው የሚመጡትን መኪናዎች አያለሁ። ባለፈው አንዱ መጣ፤ ከተሳቢው ጥንድ የኋላ ጎማ የውጭኛው ብቻውን ሆዱን ነፍቶ ተሸክሟል። የውስጠኛው ተንፍሷል ማለት ነው። በዚህ ሙቀት፣ በዚያ ጭነት፣ ሎጊያ ሳይደርስ ይፈነዳል። ዱላዬን አነሳሁ፣ አወዛወዝኩ፣ «የግራ ኋላ! የውስጡ!» ብዬ በቀረኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ።

ሹፌሩ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ሰላም ያለው መሰለው። ፈገግ ብሎ እጁን አወጣና ሁለት ጊዜ ክላክስ አደረገልኝ። አልፎ ሄደ።