አጎቴና ባለሦስት ምሰሶዋ መርከብ

ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር በሚገኘው የአጎቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ የአንዲት ባለ ሸራ የንግድ መርከብ ሥዕል ተሰቅሏል። ሦስት ምሰሶዎች፣ በነፋስ የተወጠሩ ሸራዎች፣ የጠቆረ ባሕር። ከግርጌው ስሟ በላቲን ፊደል ተጽፏል። አያቴ ቤቱን ወደ አገሩ ከሚመለስ ዓረብ ነጋዴ ሲገዙ አብሮ የቀረ ነው። አጎቴ፣ መርከቧ የጅማን ቡና ወደ አውሮፓ ታመላልስ ነበር ይላሉ፤ ማን እንደነገራቸው ግን አያስታውሱም።

እሳቸውም ዕድሜያቸውን ከአጋሮና ከሊሙ ቡና የጫነ መኪና በሰኮሩ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲነዱ ኖረዋል። አምና ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር ልጆቻቸው ከግቢ እንዳይወጡ ከለከሏቸው። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን የበደሌ ሥራዬን ለቅቄ እሳቸው ዘንድ አርፌ ነበር። መርጋት አይሆንልኝም፤ የትም ብቀጠር ዓመት ሳይሞላኝ ሻንጣዬን አነሳለሁ። እሳቸው በምርኩዝ ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት ይመላለሳሉ፤ እኔ ስልኬ ላይ የሥራ ማስታወቂያ አገላብጣለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲሰለቸኝ የመርከቧን ስም ስልኬ ላይ ፈለግሁ። ታሪኳ ተጽፎ አገኘሁና እያነበብኩ ተረጎምኩላቸው። ሱፍና ሻይ አመላልሳለች። ማዕበል ምሰሶዋን ሰብሮት ተጠግናለች። የእንፋሎት መርከቦች ሲበዙ ተሸጣ ስሟ ተቀይሯል። ስለ ቡና አንድም ቃል የለም፤ እሱ ብዙም አላስከፋቸውም።

"መጨረሻዋስ? ሰመጠች?" አሉኝ።

"አልሰመጠችም። ምሰሶዎቿን ቆርጠው ወደብ ላይ አሰሯት። የድንጋይ ከሰል ማከማቻ ሆና እዚያው በሰበሰች።"

ሥዕሉን ቀና ብለው አዩት። ከዚያ፣ "ነገ ሰኮሩ ውሰጂኝ" አሉ።

ልጆችዎ ምን ይላሉ ብላቸው፣ "እኔ ያንን መንገድ ስነዳ እነሱ አልተወለዱም" አሉኝ።

በማግስቱ ልጆቻቸው ሥራ እንደገቡ በባጃጅ መናኸሪያ ሄደን ሚኒባስ ተሳፈርን። ጋቢና ተቀምጠው ዳገት በመጣ ቁጥር ሹፌሩን ማርሽ ቀንስ ይሉት ነበር። ሰኮሩ ሳንደርስ የመብራት ኃይል ማመንጫው ግድብ ያቆረው ሐይቅ ሲታይ እንውረድ አሉ። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ውሃውን አዩ። እሳቸው ሲነዱ ያ ሁሉ የበቆሎ ማሳ ነበር። ደክሟቸው እንመለስ ይሉኛል ስል ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ መኪና ይገኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም የሚያልፍ መኪና ፍለጋ መንገዱን ማየት ጀምሬ ነበር።

ስልካቸው ጠራ። ትልቁ ልጃቸው ነበር፤ ቤት ሲያጣን አሁኑኑ ተመለሱ አለ። አመሻሽ ላይ ቤት ስንገባ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን፤ ተቆጣኝ፤ እሳቸውን ግን ቀና ብሎ መናገር አልደፈረም። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ በራሱ መኪና ያወጣቸዋል።

እኔ ወሩ ሳያልቅ ቦንጋ ሥራ አገኘሁ። ልብሴን ሳጣጥፍ አጎቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የቦንጋን መንገድ ጠመዝማዛ አንድ በአንድ ሲነግሩኝ አመሹ።