ውሃ በጠፋበት ሰሞን የተዳመጠ ልብ

የከተማው የድንጋይ ከሰል ማውጫ ጉድጓድ ሲዘጋ ወጣቱ ሁሉ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሶፊያ ነቅሎ ሄደ። የእንስሳት ሐኪሟ ኔቬና ግን ከሽማግሌዎቹና ከድመቶቻቸው ጋር ቀረች። ጅል ናት ያሏት ብዙ ናቸው። እውነታቸውን ነው፤ የደግነት ግማሹ ጅልነት ነው።

ድመት ሲመቸው ጉሮሮው ርርር ይላል፤ ያኔ ልቡን ማዳመጥ ዘበት ነው። ለዚህ ሐኪሞቹ መላ አላቸው፤ ቧንቧ ይከፍታሉ። ድመቱ የውሃ ድምፅ ሲሰማ ጭጭ ይላል።

በጸደይ ጋሽ ሜቶዲ ድመታቸውን ቶሽኮን አቅፈው ሲመጡ ግን ከተማው ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነበር፤ ቧንቧው ደርቋል።

«ዶክተር፣ ይሄ ሰውዬ ሲያክ ነው የሚውለው። ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» አሉ።

ኔቬና ሳቀች። ማዳመጫውን የቶሽኮ ደረት ላይ አደረገች፤ የሰማችው ርርር ብቻ ነው። እንዲህ የተደሰተ ድመት ምን ይሆናል ብላ፣ እከኩን ለሳምንታት የሚያስታግስ ጠንካራ መርፌ ወጋችው።

በበጋው መጀመሪያ ቶሽኮ አፉን ከፍቶ እያለከለከ ተመለሰ። የኋላ እግሮቹ በርደው አልንቀሳቀስ ብለዋል። ኔቬና ለልብ ምርመራ መሐሉ ክፍት በሆነው ጠረጴዛ ላይ በጎኑ አስተኝታ፣ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ከሥር ደረቱ ላይ ያዘችለት። የልቡ ግድግዳ ወፍሮ ለደም ቦታ አሳጥቶታል። የልቡ የላይኛው ክፍል ተነፍቶ፣ በውስጡ ደሙ እንደ ጭስ ይዞራል።

«ምን አየሽ ልጄ?»

«ልቡ ወፍሯል፣ ጋሽ ሜቶዲ። ሳንባው ውሃ ቋጥሯል። የረጋ ደም ደግሞ ወደ እግሩ ወርዷል።»

«እሷ ናት ያወፈረችው፤ በጡጦ ነው ያሳደገችው» አሉ። ሟች ሚስታቸውን ማለታቸው ነው።

ኔቬና ሆድ ይፍጀው ልትል ምንም አልቀራት። ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ግን መሣሪያውን አስቀምጣ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«በጸደይ የወጋሁት መርፌ ነው ጋሽ ሜቶዲ። የታመመ ልብ አይችለውም። ውሃው እስኪመጣ ጠብቄ ላዳምጠው ይገባኝ ነበር፤ ቸኮልኩ።»

ሽማግሌው የቶሽኮን ራስ ዳበሱ። «በሽታው አስቀድሞ ነበረበት?» አሉ።

«ነበረበት። ግን ገና ዓመታት ሊኖር ይችል ነበር።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?» አሉ። «እግዜር ወሰደው ብዬ ልቀመጥ እችል ነበር እኮ። አሁን አንቺን ልጠላ ነው። በዚህ ከተማ የቀረኝ ሰው ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ኔቬና ይቅርታ ብትል ራሷን ለማሳረፍ ይሆንባታል፤ ዝም ብትል ድፍረት። ቶሽኮ ጮኸ፤ እንዲህ ያለ ጩኸት ከድመት ሰምተው አያውቁም።

«አሳርፊው በቃ» አሉ ጋሽ ሜቶዲ።

ሌላ ሐኪም የለም። የሚያሳርፈውን መርፌ ያዘጋጀችውም የወጋችውም እሷው ነች። ጋሽ ሜቶዲ እጃቸውን ከድመቱ ራስ ሳያነሱ፣ እንዳያይዋት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።